ነጥብ፣ መስመር፣ ዘዌ፦ ከደብተር እስከ ግቢ

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ ቁልቁል ወደ ለገሃር ስታዩ ቸርችል ጎዳና እንደተወጠረ ሲባጎ ይታያል። መኪናውን፣ ዛፉንና ሰዉን ለጊዜው እርሱት። የሚቀረው የቆማችሁበት ቦታ፣ የምታዩበት አቅጣጫ፣ ፊታችሁን ወደ ጊዮርጊስ ብታዞሩ ደግሞ የዞራችሁት መጠን ነው። የመጀመሪያው ነጥብ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ሦስተኛው ዘዌ ይባላል። የአማርኛ የሂሳብ መጽሐፍ «ዘዌ» የሚለውን ሰፈር ውስጥ «ማዕዘን» እንለዋለን፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ «አንግል» ይሆናል። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ እዚህ ዘዌ እንላለን።

ይህ መመሪያ ልጃቸውን የቤት ሥራ ለሚያግዙ ወላጆች፣ ለተማሪዎች፣ እንዲሁም ሜትርና ሲባጎ ይዘው ግቢ ውስጥ ለሚቆሙ ሁሉ ነው። ትርጉም መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። ጂኦሜትሪ የሚገባው በእጅ ሲሠራ ነው፤ ስህተቱም የሚገኘው እዚያው እጅ ላይ ነው።

መሣሪያውን መፈተሽ

ለደብተር ሥራ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ፣ 30 ሴ.ሜ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር ይበቃል። ለግቢ ሥራ 15 ሜትር ያህል ሲባጎ፣ አራት ችካል፣ የብረት ሜትር፣ ቱንቢና ጠመኔ ያስፈልጋል። አዲስ ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑት፤ የሚሸጠው ሁሉ ትክክል አይደለም።

ማስመሪያውን ለመፈተሽ በወረቀቱ ሁለት ጫፍ፣ 25 ሴ.ሜ ያህል ተራርቀው፣ ሁለት ነጥብ አድርጉና አገናኟቸው። ከዚያ ማስመሪያውን ገልብጣችሁ ያንኑ ጠርዝ በሌላው ወገን አስጠጉና በእነዚያው ነጥቦች በኩል እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከወደቁ ማስመሪያው ደህና ነው። መሐል ላይ እንደ ዓይን ቅርጽ ክፍተት ከታየ ጠርዙ ጎብጧል። ይህ ፈተና የሚሠራው በሁለት ነጥቦች በኩል የሚያልፍ ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሁለት መስመር ካያችሁ ቢያንስ አንዱ ቀጥታ አይደለም ማለት ነው።

ኮምፓሱን በ5 ሴ.ሜ ከፍታችሁ ሙሉ ክብ አዙሩ። መጨረሻው መነሻውን ካላገኘ ማጠፊያው ላልቷል፤ ብሎኑን አጥብቁት። ብሎን የሌለው ዓይነት ከሆነ ሌላ ግዙ፤ እየተንሸራተተ የሚከፈት ኮምፓስ የልጁን ትዕግሥት ያስጨርሳል እንጂ ሥራ አይሠራም። ከወረቀቱ ሥር ካርቶን አንጥፉ፤ መርፌው ጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት ክቡ ሁሉ ይበላሻል።

ነጥብ

ነጥብ ቦታ ብቻ ነው፤ ስፋትም ርዝመትም የለውም። እርሳስ ግን ይወፍራል። ልጆች ብዙ ጊዜ ነጥቡን እንደ ምስር ፍሬ አድርገው ያጠቁሩታል። 2 ሚ.ሜ ስፋት ባለው ነጥብ ውስጥ ማስመሪያው በየትኛው በኩል ማለፍ እንዳለበት ማንም አያውቅም። ስለዚህ ነጥብን በሁለት ቀጭን ጭረቶች መስቀል ምልክት አድርጉት፤ ነጥቡ የተቋረጡበት ቦታ ነው።

ስም ስትሰጡ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ እያላችሁ ሂዱ። የፊደሉን ተራ ጠብቃችሁ ሐን አትጨምሩ። «ከሀ እስከ ሐ ለካ» ብላችሁ በቃል ስትናገሩ የሚሰማው ልጅ ምን ይለካ? ሠና ሰ፣ ዐና አ ላይም ጣጣው ያው ነው።

መስመር፣ ጨረር፣ ቁራጭ መስመር

መስመር በሁለቱም በኩል ማለቂያ የለውም። ጨረር ከአንድ ነጥብ ይነሣል፣ በሌላው በኩል አያልቅም፤ ከባትሪ እንደሚወጣ ብርሃን። ቁራጭ መስመር ሁለት ጫፍ አለው። በሴንቲሜትር የሚለካው ቁራጩ ብቻ ነው፤ «የዚህን መስመር ርዝመት ለኩ» የሚል ጥያቄ ስታዩ የተፈለገው ቁራጩ እንደሆነ ተረዱ። ስትለኩም ከፕላስቲኩ ጫፍ ሳይሆን ከ0 ምልክት ጀምሩ፤ በብዙ ማስመሪያ ላይ በሁለቱ መካከል 3 ወይም 4 ሚ.ሜ አለ። ጫፉ ተበልቶ ከሆነ ከ1 ጀምሩና መጨረሻ ላይ 1 ቀንሱ።

ሁለት የተለያዩ ቀጥታ መስመሮች ወይ አይገናኙም፣ ወይ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይገናኛሉ። በተመሳሳይ ወለል ላይ ሆነው የማይገናኙት ትይዩ ይባላሉ። የከተማችን ባቡር እዚህ ላይ ጥሩ መፈተኛ ነው። የምሥራቅ–ምዕራቡና የሰሜን–ደቡቡ «መስመር» በስታዲየም፣ በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በጂኦሜትሪ ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሁለት ነጥብ የተጋሩ ቀጥታ መስመሮች ሙሉ በሙሉ አንድ ናቸው። ስለዚህ የባቡሩ መስመር እየታጠፈ የሚሄድ መንገድ ነው እንጂ ቀጥታ መስመር አይደለም። ልጆች ይህን ራሳቸው እንዲያገኙት ካርታውን ዘርግታችሁ ጠይቋቸው።

በዚያው ካርታ ላይ አራት ኪሎን፣ አምስት ኪሎንና ስድስት ኪሎን በመስቀል ምልክት አሳዩና በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ላይ ማስመሪያ ጣሉ። አምስት ኪሎ መስመሩ ላይ ዋለ ወይስ ወጣ አለ? በስንት ሚሊሜትር? ሦስት ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ መዋላቸው የሚፈተነው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፦ ዳርና ዳሩን አገናኝታችሁ የመሐሉን ታያላችሁ። ሁለት የተቀራረቡ ነጥቦችን አገናኝቶ ወደ ሩቁ መሳብ ትንሿን ስህተት ያገዝፋታል።

ዘዌ የመዞር መጠን ነው

ከአንድ ነጥብ ሁለት ጨረሮች ሲነሡ ዘዌ ይፈጠራል። «ለ» የሚለውን ፊደል ተመልከቱ፤ ሁለት እግር፣ አናቱ ላይ አንድ መገናኛ። እግሮቹን በእጥፍ ብታስረዝሟቸው ፊደሉ ያድጋል፤ ዘዌው ግን አንዲት ዲግሪ አይጨምርም። ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ክንዱ የረዘመውን ዘዌ «ትልቅ» ይሉታል። በቃል ከማስረዳት ይልቅ በሩን ከፍታችሁ አሳዩ፦ በሩ የዞረው መጠን ማጠፊያው አጠገብም እጀታው አጠገብም አንድ ነው፤ የሚለየው የተጓዘው ርቀት ነው።

ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ፣ ግማሹ 180፣ ሩቡ 90 ነው። ከ90 የሚያንሰው ሹል ዘዌ፣ በ90ና በ180 መካከል ያለው ዝርጥ ዘዌ ይባላል። 180 ላይ ሁለቱ ክንዶች ቀጥታ መስመር ሆነው ይዘረጋሉ። 90 ዲግሪ የሚሠሩ መስመሮች ቀጤ ነክ ናቸው፤ ግንበኞች ይህንኑ «ስኳድራ» ይሉታል። ዘዌን በሦስት ፊደል ስትጠሩ የመገናኛው ነጥብ መሐል ይግባ፦ ዘዌ ሀለመ ሲባል ማጠፊያው ለ ነው።

ሰዓት ለዚህ ሁሉ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ የእኛ አገር ሰዓት ደግሞ በብዙ አገር የማይገኝ ጥያቄ ይሰጠናል። ትልቁ ዘንግ በደቂቃ 6 ዲግሪ ይዞራል። ትንሹ በሰዓት 30፣ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ይዞራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትንሹ ዘንግ ከ12 ቁጥር 75 ዲግሪ ርቋል (60 እና 15)፤ ትልቁ 180 ላይ ነው፤ በመካከላቸው 105 ዲግሪ አለ። አሁን በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ውሰዱ፤ በዚያው ቅጽበት 8 ተኩል ይላል። ትንሹ ዘንግ 255፣ ትልቁ 180፤ ልዩነቱ 75 ዲግሪ። 105 እና 75 ሲደመሩ 180!

በሌላ ሰዓትም ሞክሩት፤ ሁልጊዜ 180 ይመጣል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ትንሹን ዘንግ ልክ 180 ዲግሪ ያዞረዋል፤ ማለትም የአንዱ ሰዓት ትንሽ ዘንግ ከሌላው ጋር ቀጥታ መስመር ይሠራል፣ ትልቁ ዘንግ ደግሞ ያንን መስመር ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። በቀጥታ መስመር ላይ የተጎራበቱ ሁለት ዘዌዎች ድምር 180 ነው የሚለው ሕግ ይኸው ነው፤ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ወጥመድ አለ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለቱ ዘንጎች «ተደራርበዋል፣ ዜሮ ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም። ትንሹ ግን በ15 ደቂቃ ውስጥ 7.5 ዲግሪ ተራምዷል፤ መልሱ 7.5 ነው።

በፕሮትራክተር መለካት

1. ክንዶቹ ከፕሮትራክተሩ ጠርዝ አጭር ከሆኑ አስቀድማችሁ በማስመሪያ አርዝሟቸው። ዘዌው እንደማይለወጥ አሁን ታውቃላችሁ።

2. የፕሮትራክተሩን መሐል ምልክት ማጠፊያው ነጥብ ላይ አስቀምጡ። መሐሉ ከፕላስቲኩ የታች ጠርዝ ላይ አይደለም፤ በአብዛኛው ትንሽ ከፍ ብሎ የመስቀል ምልክት ወይም ቀዳዳ አለ።

3. የ0 መስመሩን በአንደኛው ክንድ ላይ አስተኙ።

4. ከማንበባችሁ በፊት በዓይን ፍረዱ፦ ሹል ነው ወይስ ዝርጥ?

5. ክንዱ ከተኛበት ጎን በ0 የሚጀምረውን ረድፍ ተከትላችሁ ሌላው ክንድ የሚያልፍበትን ቁጥር አንብቡ።

አራተኛው እርምጃ ቀላል መስሎ የሚዘለል፣ ግን ትልቁን ስህተት የሚከለክል ነው። ፕሮትራክተር ሁለት የቁጥር ረድፍ ስላለው 50 የሆነውን 130 ብሎ ማንበብ ይቀናል። ሹል መሆኑን አስቀድሞ የፈረደ ልጅ 130 ሲያነብ ራሱ ይደነግጣል።

ስለ ጥራቱም እንነጋገር። ከማጠፊያው 57 ሚ.ሜ ርቀት ላይ የ1 ሚ.ሜ ስህተት 1 ዲግሪ ያህል ይሆናል። የተለመደው የተማሪ ፕሮትራክተር ከመሐል እስከ ጠርዝ ወደ 5 ሴ.ሜ ስለሚጠጋ፣ የእርሳስ ውፍረት ብቻ ግማሽ ዲግሪ ሊበላ ይችላል። መልሱ 47 የሆነውን 46 ወይም 48 ያገኘ ልጅ አልተሳሳተም፤ 42 ያገኘው ግን መሐሉን ስቷል።

ይቺው 57 ለሌላም ታገለግላለች። ሲባጎ በ57.3 ሴ.ሜ ቆርጣችሁ አንዱን ጫፍ ወለል ላይ በጣት ያዙ፣ በሌላው ጫፍ ጠመኔ አስራችሁ ክብ አዙሩ። የክቡ ዙሪያ 360 ሴ.ሜ ይሆናል። ስለዚህ በክቡ ጠርዝ ላይ እየታጠፈ የሚሄድ የልብስ ሰፊ ሜትር ብታስተኙ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር አንድ ዲግሪ ነው። በብር የማይገኝ ትልቅ ፕሮትራክተር ሠራችሁ ማለት ነው።

በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ

እዚህ ማስመሪያው ለማስመር እንጂ ለመለካት አይደለም።

*ቁራጭ መስመርን እኩል መክፈል።* 8 ሴ.ሜ የሆነ ሀለ አስምሩ። ኮምፓሱን ከግማሹ አስበልጣችሁ ክፈቱ። መርፌውን ሀ ላይ ተክላችሁ ከላይና ከታች ቅስት ጣሉ፤ መክፈቻውን ሳትነኩ ለ ላይ ድገሙት። ቅስቶቹ የተቋረጡባቸውን ሁለት ነጥቦች ስታገናኙ መስመሩ ሀለን እኩል ይከፍለዋል፣ ቀጤ ነክም ይሆናል። ስንት ይከፈት ለሚለው 4 ሴ.ሜና ከዚያ በታች አይሠራም። 4.2 ቢሆን ቅስቶቹ ተፋትገው ስለሚተላለፉ የተቋረጡበት ቦታ በግልጽ አይታይም። 5.7 ሴ.ሜ ያህል ሲሆን ግን ልክ በ90 ዲግሪ ስለሚቋረጡ ነጥቡ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለማንኛውም ርዝመት 0.7 ያህሉን ክፈቱ።

*ዘዌን እኩል መክፈል።* መርፌውን ማጠፊያው ላይ ተክላችሁ ሁለቱንም ክንዶች የሚቆርጥ ቅስት ጣሉ። ከሁለቱ መቁረጫዎች በእኩል መክፈቻ ሁለት ቅስት ጣሉ። የተገናኙበትን ከማጠፊያው ጋር አገናኙ። የሚያበላሸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅስት መካከል ኮምፓሱን መነካካት ነው።

*60 ዲግሪ።* ከሀ ቅስት ጣሉ፣ መስመሩን ለ ላይ ይቁረጠው። በዚያው መክፈቻ ከለ ሌላ ቅስት ጣሉ፤ የተቋረጡበት መ ይባል። ሦስቱም ርቀቶች እኩል ስለሆኑ ጎነ ሦስቱ እኩል ጎን ነው፣ ዘዌ ለሀመም 60 ነው። እኩል ስትከፍሉት 30፣ ደግሞ 15። ከ90 ደግሞ 45 እና 22.5 ይገኛል። 20 ዲግሪ ግን አይገኝም፤ 60ን ሦስት እኩል ቦታ በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ብቻ መክፈል እንደማይቻል ፒየር ቫንዜል የተባለ ፈረንሳዊ በ1837 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። «ዘዴውን አግኝቻለሁ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አብራችሁት አትምሹ።

ሦስቱን ዘዴዎች የሚያጣምር ሥራ ከፈለጋችሁ ፒያሳ የሚገኘውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ወለል ንድፍ ሳሉ፤ ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። 6 ሴ.ሜ ሬዲየስ ያለው ክብ አዙሩ። በመሐሉ የሚያልፍ መስመር አስምሩ፣ ቀጤ ነክ አውጡለት፣ ከዚያ የተፈጠሩትን 90 ዲግሪዎች እኩል ክፈሉ። ክቡ ላይ ስምንት ነጥብ ታገኛላችሁ፤ በተራ አገናኟቸው። እያንዳንዱ ጎን 4.6 ሴ.ሜ፣ እያንዳንዱ የውስጥ ዘዌ 135 ዲግሪ መሆን አለበት። አንዱ ጎን 4.3 ሌላው 4.9 ከሆነ ስህተቱ ጎኖቹ ላይ ሳይሆን 90ውን ስትከፍሉ የተፈጠረ ነው፤ ወደዚያ ተመለሱ። 135ን በስምንት ስታበዙ 1,080 ይሆናል፣ እርሱም ስድስት ጊዜ 180 ነው፤ ከአንድ ማዕዘን ወደ ሌሎቹ መስመር ብትጥሉ ስድስት ጎነ ሦስት ታገኛላችሁ።

ሲቋረጡና ትይዩ ሲሆኑ

ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ ከአራቱ ዘዌዎች አንዱን ማወቅ ይበቃል። አንዱ 40 ከሆነ ጎረቤቶቹ 140፣ ፊት ለፊቱ ያለው 40 ነው።

ለትይዩ መስመሮች ደብተራችሁ ራሱ ተሰምሮ ቀርቧል። በሦስት የደብተር መስመሮች ላይ ሰያፍ አቋራጭ ጣሉና በእያንዳንዱ መቋረጫ ላይ በላይኛው ቀኝ በኩል ያለውን ዘዌ ለኩ፤ ሦስቱም እኩል ናቸው። አሁን ከላይኛው መስመር ጀምራችሁ በአቋራጩ ወርዳችሁ በታችኛው መስመር ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ታጠፉ፤ የመብረቅ ቅርጽ ይወጣል። በሁለቱ እጥፋቶች ውስጥ ያሉት ዘዌዎችም እኩል ናቸው። ይህን የመብረቅ ሕግ ያዙት፤ ኋላ ይፈለጋል። የጎነ ሦስት ዘዌዎች ድምር 180 የሆነውም በእርሱ ነው፦ በአናቱ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ መስመር አስምሩ፣ ሁለቱ የታች ዘዌዎች ወደ ላይ ወጥተው ከአናቱ ጎን ይቀመጣሉ።

በግቢ ስኳድራ ማውጣት

ለአጥር፣ ለመሠረት ወይም ለንጣፍ 90 ዲግሪ ሲያስፈልግ ፕሮትራክተር አይረዳም። የሚሠራው 3፣ 4፣ 5 ነው። 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ስለሆኑ፣ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት ከ5ቱ ፊት ለፊት ያለው ዘዌ 90 ነው።

1. ማዕዘኑ የሚሆንበት ቦታ ላይ ችካል ምቱ፣ አናቱ ላይ ሚስማር አቁሙ። ሀ ይባል። መለኪያው ሚስማሩ እንጂ የችካሉ ጎን አይደለም።

2. በተወሰነው አቅጣጫ፣ ለምሳሌ በመንገዱ በኩል፣ ሲባጎ ወጥሩና 4 ሜትር ላይ ለን ትከሉ።

3. አንድ ሰው ከሀ 3 ሜትር፣ ሌላው ከለ 5 ሜትር ይዘው ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ መን ትከሉ።

4. ሀለንና ሀመን እንደገና ለኩ። ሦስተኛው ችካል ሲመታ ሌላው መናጋቱ የተለመደ ነው።

የ5 ሜትሩ ጎን በ5 ሴ.ሜ ቢረዝም ዘዌው 91.2 ዲግሪ ይሆናል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን 10 ሜትር ግድግዳ ጫፍ ላይ ወደ 21 ሴ.ሜ ያስታል። ቦታ ካለ 6፣ 8፣ 10 ተጠቀሙ፤ ያው 5 ሴ.ሜ ስህተት ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለመለካት ናይለን ሲባጎ አትጠቀሙ፤ ሲጎተት ይለጠጣል። ሲባጎው ለአቅጣጫ፣ የብረቱ ሜትር ለርዝመት።

አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ተዳፋት ነው። 100 ሴ.ሜ ሲኬድ 20 ሴ.ሜ በሚወርድ ቦታ ላይ ሜትሩን መሬት አስነክታችሁ 5 ሜትር ብትለኩ አግድም ርቀቱ 4.90 ብቻ ነው። ማዕዘኑ ከተዳፋቱ ጋር ሰያፍ ከሆነ ዘዌውም በ1 ዲግሪ ያህል ይስታል። ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ያዙ፣ ከታችኛው ጫፍ ቱንቢ ጣሉ፣ ቱንቢው የነካው መሬት ነጥባችሁ ነው።

ሬክታንግል ሲጠናቀቅ ሰያፎቹን፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ፊት ለፊቱ ማዕዘን ያለውን ርቀት፣ ለኩ። 3.5 በ4.2 ሜትር ለሆነ ክፍል ሁለቱም 5.467 ሜትር መሆን አለባቸው። «ሰያፎቹ እኩል ከሆኑ ስኳድራ ነው» የሚለው ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ አንድ ጎኑ የጠበበ ቅርጽም እኩል ሰያፎች ሊኖሩት ይችላል። አስቀድሞ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ።

የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ

እስካሁን የተሠራውን ሁሉ በአንድ ቀን የሚፈትን ሥራ ይኸውላችሁ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቀን፣ መጋቢት 11 ወይም መስከረም 13 አካባቢ፣ ቢበዛ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሆኖ ይሠራል። መስከረም ላይ ደመና ስለሚያስቸግር መጋቢት ይሻላል።

ውሃ ልኩን የጠበቀ የሲሚንቶ ወለል ምረጡ፤ የኮንዶሚኒየም ግቢም ሆነ ሰገነት ይሆናል። ከወለሉ በላይ ልክ 1 ሜትር የሚቆም ቀጥ ያለ ዱላ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ ትከሉና በሁለት በኩል በቱንቢ ፈትሹ። ከ4:30 እስከ 8:30 ሰዓት ድረስ በየ20 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በመስቀል ምልክት ያዙ። ጫፉ 1 ሴ.ሜ ያህል የደበዘዘ ይሆናል፤ ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላት ነው። የደበዘዘውን መሐል ያዙ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት መንገድ።

የመጀመሪያው ምልክት ከዱላው 60 ሴ.ሜ ያህል ወደ ምዕራብ፣ የመጨረሻው ያንኑ ያህል ወደ ምሥራቅ ይወድቃል። ዳርና ዳሩን አገናኙ። በዚያ ቀን ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ፣ መስመሩም ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያል። ምልክቶቹ ከጎበጡ ወይ ቀኑ አልፏል፣ ወይ ወለሉ ተዳፋት ነው። ከዱላው እግር ወደዚህ መስመር ቀጤ ነክ አውጡ፤ ሰሜንን አገኛችሁ፣ ያለ አቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፓስ። ቀጤ ነኩ አጭሩ ጥላ ነው፤ ጥላው እዚያ የሚደርሰው ግን ልክ በስድስት ሰዓት አይደለም። ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ወደ 38.75 ላይ ናት፤ ፀሐይ 1 ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት 25 ደቂቃ እንዘገያለን። በመጋቢት ሌላ 7 ደቂቃ ያህል ስለሚጨመር 6:32 አካባቢ ይሆናል።

አሁን አጭሩን ጥላ ለኩ፤ 16 ሴ.ሜ ያህል ነው። በደብተር ላይ አምስት ጊዜ አሳንሳችሁ ሳሉት፦ ቁመቱ 20 ሴ.ሜ፣ መሠረቱ 3.2 ሴ.ሜ የሆነ ጎነ ሦስት። አናቱ ላይ ያለውን ዘዌ በፕሮትራክተር አንብቡ፤ 9 ዲግሪ ይላል።

ይህ ዘዌ ከየት መጣ? የፀሐይ ጨረሮች ከሩቅ ስለሚመጡ ለእኛ ትይዩ ናቸው። በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ በምድር ወገብ አናት ላይ የሚወርደው ጨረር ወደ መሬት እምብርት ያመራል። የዱላችሁም መስመር ቁልቁል ቢቀጥል እዚያው ይደርሳል። ዱላው አቋራጭ፣ ሁለቱ ጨረሮች ትይዩ፤ የመብረቁ ሕግ ይሠራል። በዱላው አናት ያለው 9 ዲግሪ በምድር እምብርት በእኛና በምድር ወገብ መካከል ካለው ዘዌ ጋር እኩል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ 7.2 ዲግሪ ለክቶ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ መንገድ ነበር።

9 ዲግሪ የ360 አንድ አርባኛ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪ.ሜ ያህል ስለሆነ ከምድር ወገብ 1,000 ኪ.ሜ ያህል ወደ ሰሜን ነን። ጥላውን 16 ሳይሆን 17.6 ሴ.ሜ ብላችሁ ከጻፋችሁ ዘዌው 10 ዲግሪ ይሆንና ቤታችሁ 111 ኪ.ሜ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል። እንዲህ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ዱላው መዝመሙን በቱንቢ እዩ፤ ከዚያ በ2 ሜትር ዱላ ድገሙት፣ ጥላው 32 ሴ.ሜ አካባቢ ይወድቃል።